ቤቱ ከመጫኑ በፊት መኪናው ይመዘን

(በማኅበራችን 25ኛ ዓመት የብር ኢዮቤልዩ በዓል ላይ፣ ሞያሌ ኬንያ፣ በተሽከርካሪ ኮሚቴው ስም የተደረገ ንግግር)







ከእኛ በፊት የተናገሩት ወንድሞችና እህቶች ስለ መሥራቾቻችን ድካም፣ ስለ እድራችን፣ ስለ ልጆቻችን የአማርኛ ትምህርት አንሥተው ልባችንን ሞልተውታል። የእኛ ርእስ ግን ብረትና ናፍጣ ይሸታል፤ ለዚህም አስቀድመን ይቅርታ እንጠይቃለን። እንድንናገር የተጠየቅነው ብዙዎቻችሁ በየስብሰባው፣ በየልቅሶውና በየቡናው ስላነሣችሁብን አንድ ጥያቄ ነው። ጥያቄው «ያን የመሰለ ቤት ያለ ወጪ ሊመጣልን ሲል ለምን እምቢ አላችሁ?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ገንዘቡም መኪናውም የእናንተ ስለሆነ መልሱን በግልጽ ልንሰጣችሁ ይገባናል።

ኮሚቴው ሦስት ሰዎች ነን። አንዳችን ሾፌር፣ አንዳችን መካኒክ፣ አንዳችን ነርስ ነን። ብዙ ጊዜ አንስማማም። በዚህ ጉዳይ ግን ተስማምተናል።

ከከተማችን እንጀምር። ሞያሌ ከናይሮቢም ከአዲስ አበባም ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ለሁለቱም ዋና ከተሞች የመጨረሻዋ ከተማ ናት፤ ለእኛ ለምንኖርባት ግን መካከል ናት። እዚህ ሽልንግም ብርም ይሠራል። አንዱ ልጃችን በስዋሂሊ ተምሮ በኦሮምኛ ተጫውቶ ማታ በአማርኛ ይጸልያል። ነገር ግን ሰው በጠና ሲታመም የመካከለኛነታችን ጉዳት ይታያል። እዚህ ያለው ሆስፒታል ከአቅሙ በላይ የሆነውን ወደ ማርሳቢት ይልካል። ማርሳቢት ደግሞ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከዚያም ካለፈ ናይሮቢ ነው። ማኅበራችን ፒክአፑን የገዛው ለዚህ ነበር፤ በሽተኛ ለማድረስ፣ አስከሬን ወደ አገር ለመሸኘት፣ የሚመለስ ቤተ ሰብ ሲኖር ዕቃውን ለማጓጓዝ።

የድሮውን መንገድ የምታውቁ ታስታውሳላችሁ። ከኢሲዮሎ እስከ ሞያሌ ያለው 500 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ያኔ አቧራና ኮሮኮንች ነበር። በጭነት መኪና ላይ፣ ከጆንያና ከከብት ጋር፣ በታጣቂ አጀብ ሁለትና ሦስት ቀን ይፈጅ ነበር። በዲዳ ገልገሉ በረሃ ጥቁር ድንጋይ ላይ ስንት ባሌስትራ ተሰብሮ ቀርቷል! ከዚያም መንገዱ በየክፍሉ እየተሠራ መጥቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 አስፋልቱ ሞያሌ ድረስ ደርሶ ነበር። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2020 ደግሞ የኬንያው ፕሬዚዳንት ኡሁሩ ኬንያታና የኢትዮጵያው ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ የጋራውን የድንበር መቆጣጠሪያ ጣቢያ መርቀው ከፈቱ። ደስ አለን፤ ዛሬም ደስ ይለናል።

ነገር ግን አንድ ነገር ሳናስተውል ቀረን። ያ ክፉ መንገድ ሚዛናችን ነበር። ከልክ በላይ የጫነ ሰው ሎጎሎጎ ሳይደርስ ባሌስትራው ይሰበርና ይማር ነበር። ከፍ አድርጎ የጫነም ቢሆን በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር እየተንገጫገጨ ስለሚሄድ ቢያዘነብል እንኳ በቀስታ ነበር። አስፋልቱ ሲመጣ መንገዱ መመዘኑን ተወ። አሁን ከልክ በላይ የተጫነ መኪና ምንም ሳይሰማው በ100 ይሮጣል፤ ጥፋቱን የምናውቀው በመጨረሻዋ ኩርባ ላይ ነው። እንግዲህ መንገዱ ካልመዘነልን ራሳችን መመዘን አለብን። የዛሬው ንግግራችን ሁሉ ከዚህ ቃል አይወጣም።

ይህን የተማርነው በመጽሐፍ አይደለም። አንድ ቀን ከናይሮቢ ወደ አገሩ የሚመለስ የአባላችንን ቤተ ሰብ ዕቃ በዚሁ ፒክአፕ ጭነን መጣን። የጫነው ኮሚቴው ነው፤ ጥፋቱም የኮሚቴው ነው፤ የሌላ የማንም አይደለም። ክብደቱ ብዙ አልነበረም። ፍራሽ፣ ወንበር፣ ቁም ሣጥን፣ የልጆች አልጋ ነበር። «ቀላል ዕቃ ነው» ብለን ከጋቢናው ጣሪያ በላይ አንድ ሰው ቁመት ያህል ከመርነው። ከማርሳቢት ተራራ ወደ ሰሜን ስንወርድ ኩርባውን ጨርሰን ወደ ሜዳው ስንወጣ የጎን ነፋስ ተቀበለን። መኪናው በመጀመሪያ ወደ ቀኝ አዘነበለ፣ ሾፌራችን መለሰው፣ ከዚያ ወደ ግራ አዘነበለ፣ በዚያው በጎኑ ተኛ። ፈጣሪ ይመስገን የሞተ የለም። ነገር ግን ከኋላ ሌላ መኪና ይዞን የሚመጣው የቤተ ሰቡ አባት፣ ዛሬ እዚህ መካከላችን የተቀመጡት፣ የሚስታቸውን ቁም ሣጥን ስብርባሪ ከአስፋልት ላይ ሲለቅሙ አይተናል። እሳቸው አልተቆጡንም። አለመቆጣታቸው ዛሬም ያመናል።

አሁን ወደ ቤቱ ነገር እንመለስ። እንደምታውቁት ከካይሮ እስከ ኬፕታውን በመኪና የሚጓዙ ፈረንጆች በከተማችን ያልፋሉ። ከእነሱም አንዳንዶቹ ፒክአፕ ላይ ቤት ጭነው ነው የሚመጡት። ካምፐር ይሉታል። አልጋ፣ ምድጃ፣ የውሃ ታንከር፣ መስኮት ከነመጋረጃው አለው። ቤቱ ከመኪናው ጋር የተበየደ አይደለም፤ በአራት እግር ቆሞ መኪናው ከሥሩ ይወጣል፤ ሲፈለግም ተመልሶ ይጫናል። አንድ መንገደኛ እዚህ ሲደርስ የፒክአፑ ሻሲ ከጋቢናው ጀርባ ተሰንጥቆ ተገኘ። ፉንዲዎቻችን በየዱት። ሰውዬው ግን ቤቱን እንደገና ሊጭንበት አልደፈረም። የጉምሩኩን ጉዳይ ራሱ ጨርሶ በርካሽ ሊሸጠው ተነሣ። ያን ጊዜ እኚሁ አባታችን፣ ቁም ሣጥናቸው የተሰበረባቸው፣ «ለበሽተኞቻችን ይሁን፤ ዋጋውን እኔ እከፍላለሁ» አሉ።

ያን ሰሞን ከተማው ሁሉ ቤቱን ሊያይ መጣ። ልጆቻችን ገብተው አልጋው ላይ ተኙ። እናቶች ምድጃውን ከፍተው ዘጉ። እኛም ወደድነው። ነገር ግን አንዳችን እንዲህ ብሎ ጠየቀ፤ «የዚህ ሰው መኪና ከእኛ ይበልጣል። የእሱን ሻሲ የሰነጠቀ ቤት የእኛን ምን ያደርገዋል?» በዚህ ጥያቄ ሥራ ጀመርን። የሠራነውን በቅደም ተከተል እንንገራችሁ፤ ፒክአፕ ያላችሁ ቤተ ሰቦች በየቤታችሁ ልትሠሩት ትችላላችሁና።

በመጀመሪያ የተመለከትነው ቤቱን አይደለም፣ መኪናውን ነው። በእያንዳንዱ ፒክአፕ ላይ፣ በበሩ መቃን ወይም በሞተሩ ክፍል ውስጥ፣ ፋብሪካው የለጠፈው ጽሑፍ አለ። እዚያ ላይ መኪናው ከነጭነቱ፣ ከነሰዎቹና ከነነዳጁ ሊደርስ የሚችለው ጠቅላላ ክብደት ተጽፏል። በብዙዎቹ ላይ የፊትና የኋላ አክስል ለየብቻ የሚችሉትም አለ። የእኛ ጠቅላላ 2,900 ኪሎ ይላል። ከዚያ መኪናውን ታንከሩን ሞልተን፣ ሰው ሳይኖርበት፣ የጭነት መኪና ሚዛን ላይ አወጣነው። 1,820 ኪሎ ሆነ። ስለዚህ መኪናችን ሊሸከም የሚችለው ልዩነቱን፣ ማለትም 1,080 ኪሎ ብቻ ነው። «አንድ ቶን ፒክአፕ» ስንል የምንረሳው ነገር በዚያ አንድ ቶን ውስጥ ራሳችንም እንዳለንበት ነው።

ቀጥለን ቤቱ ቢኖርም ባይኖርም በመንገዱ ላይ የማይቀረውን ሁሉ ቆጠርን። በጋቢናው ሦስት ሰው፣ 225 ኪሎ። በሽተኛና አስታማሚ፣ 140። ሁለተኛ ትርፍ ጎማ ከነክሪኩና ከነመፍቻው፣ 60። ሦስት ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ውሃ፣ 63፤ ውሃ ሊትሩ አንድ ኪሎ መሆኑን አትርሱ። ሁለት ጄሪካን ናፍጣ፣ 36። የመንገደኞቹ ሻንጣና ስንቅ፣ 60። ድምሩ 584 ኪሎ ነው። ከ1,080 ላይ ሲቀነስ ለቤቱ የሚቀረው 496 ኪሎ ነው።

እዚህ ላይ ደስ አለን። ምክንያቱም ሻጩ ያሳየን ወረቀት ቤቱ 480 ኪሎ ነው ይል ነበር። «ይኸው ተስማማ! 16 ኪሎም ተረፈን!» ተባለ። መካኒካችን ግን «ወረቀት አይጫንም፤ የሚጫነው ቤቱ ነው» ብሎ አስቆመን። ቤቱን ጭነን ወደ ሚዛኑ ተመለስን። ያለ ቤቱና ከቤቱ ጋር ያለው ልዩነት 690 ኪሎ ሆነ። እንዴት? ወረቀቱ የሚናገረው ከፋብሪካ እንደወጣ ስላለው ባዶ ቤት ነው። የውሃ ታንከሩ 80 ሊትር ይይዛል፣ ይኸው 80 ኪሎ። የጋዝ ሲሊንደር፣ ባትሪ፣ ማቀዝቀዣ፣ በጎን የሚዘረጋ ድንኳን ተጨምሮበታል። ኮምፐልሳቶው የዓመታት ዝናብ ጠጥቷል። የቀረው ሰውዬው በየአገሩ የጨመረው መደርደሪያና መሳቢያ ነው። የፈረንጁን አናማ፤ የእያንዳንዳችን ቤት እንደዚሁ ነው። ዕቃ ይገባል እንጂ አይወጣም።

690 ከ584 ጋር 1,274 ይሆናል። መኪናችን ከሚችለው በ194 ኪሎ ይበልጣል። ይህ ማለት ገና ጉዞ ሳንጀምር ሁለት ሰውና አንድ በግ ተጨማሪ ጭነናል ማለት ነው።

አንዳንድ ወንድሞች «ባሌስትራ እንጨምርበት» ብለው ነበር። ይህ በየጋራዡ የሚሰማ ምክር ስለሆነ ልንመልስለት ይገባል። ባሌስትራ መጨመር መኪናው ከኋላ እንዳይንበረከክ ይረዳል። ነገር ግን ፍሬኑን አያሳድገውም፣ አክስሉን አያወፍረውም፣ የጎማውን ቋት አያጠነክረውም፣ ሻሲውን ደግሞ ይበልጥ ያደክመዋል። በፋብሪካው ጽሑፍ ላይ ያለው ቁጥር የደካማው ክፍል ቁጥር ነው። አንዱን ክፍል ስናጠነክር ችግሩን ወደሚቀጥለው ደካማ ክፍል እናስተላልፋለን እንጂ አናጠፋውም። ባሌስትራው የጠነከረ መኪና ጭነቱ የበዛበት አይመስልም፤ አደጋውም እዚያ ላይ ነው።

ጎማም እንዲሁ ነው። በጎማው ጎን ላይ ከልኩ ቀጥሎ የመሸከም ቁጥሩ ተጽፏል። ለምሳሌ 112 የሚል ጎማ 1,120 ኪሎ ይችላል፤ ይህም ነፋሱ በልኩ ሲሞላ ነው። ጎማው ጎድሎ በቡቢሳና በቱርቢ ሐሩር በከፍተኛ ፍጥነት ሲነዳ፣ ጎማው እየተጣጠፈ ይግላል፣ ከዚያ ይፈነዳል። ጎሚስታው ዘንድ ሳንቲም የቆጠበ ሰው ሕይወት ይከፍላል።

ከክብደቱ ቀጥሎ ቦታው አለ። 300 ኪሎ ሁሉ አንድ አይደለም። በፊትና በኋላ ጎማ መካከል ያለው ርቀት ሦስት ሜትር ነው እንበል። 300 ኪሎ ዕቃ ከኋላ አክስሉ አንድ ሜትር ወደ ኋላ አልፎ ቢንጠለጠል፣ በኋላ አክስል ላይ የሚያርፈው 300 አይደለም፣ 400 ኪሎ ነው። ከፊት አክስል ላይ ደግሞ 100 ኪሎ ይነሣል። ልጆቻችን የሚጫወቱበትን የሚዛን ጨዋታ አስቡት፤ አንዱ ሲወርድ ሌላው ይነሣል። ፊቱ የተነሣ መኪና መሪው ይቀላል፣ የፊት ፍሬኑም በደንብ አይዝም፣ ማታ መብራቱ ሰማይ ያያል። የተሰጠን ቤት የተሠራው ከእኛ ካሶኒ ለሚረዝም ፒክአፕ ነበርና ግማሽ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ይንጠለጠል ነበር። ዋናው የክብደት ማዕከሉም ከኋላ አክስሉ በስተ ኋላ ወደቀ። ደንቡ ግን የቤቱ የክብደት ማዕከል ከኋላ አክስሉ ጥቂት ወደ ፊት ይሁን ይላል። ሻሲ ከጋቢናው ጀርባ የሚሰነጠቀውም ጭነት ከኋላ ሲንጠለጠልና መንገዱ ሲያወዛውዘው ነው። የመንገደኛው መኪና እዚያው ቦታ ላይ መሰንጠቋ ድንገት አልነበረም።

አሁን ወደ ቁመት እንምጣ። ስለ ቁመት ስንናገር የማርሳቢቱ ቁልቁለት በዓይናችን ይመጣል።

ቁመት ሁለት ነገር ነው። አንደኛው በዓይን የሚታየው ነው። ቤቱ ሲጫን ከምድር እስከ ጣሪያው ሦስት ሜትር ሆነ። የነዳጅ ማደያ ጣሪያ፣ የግቢ በር፣ የግራር ቅርንጫፍ፣ ወደ ታች የረገበ የመብራት ሽቦ ሁሉ ጠላት ይሆናል። ለዚህ መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ለክቶ በጋቢናው ውስጥ ሾፌሩ በሚያየው ቦታ መጻፍ ነው። ሾፌር ቢቀየርም ጽሑፉ ይቀራል።

ሁለተኛው በዓይን የማይታየው ነው፤ የክብደቱ ማዕከል ከምድር ምን ያህል ራቀ የሚለው። መኪናችን ከነሾፌሩ 1,900 ኪሎ፣ ማዕከሉ ከምድር 70 ሴንቲ ሜትር ነው ብለን ገመትን። የቤቱ ማዕከል ከምድር 1 ሜትር ከ60 ገደማ ነው። 690 ኪሎ በዚያ ከፍታ ሲቀመጥ የሁለቱ የጋራ ማዕከል ወደ 94 ሴንቲ ሜትር ይወጣል። 24 ሴንቲ ሜትር ነው፤ አንድ ስንዝር ብቻ ነው። ነገር ግን መኪና በጎን ግፊት ሳይገለበጥ የመቆም አቅሙ የሚለካው በጎማዎቹ መካከል ያለው ስፋት ከዚህ ከፍታ ጋር ሲነጻጸር ነው። ስፋቱ አልተጨመረም፣ ከፍታው ብቻ ጨመረ። በዚህች አንድ ስንዝር መኪናው የመቆም አቅሙን ሩብ ያህል አጣ። ይህ በወረቀት ላይ ነው፤ በመንገድ ላይ ባሌስትራው ስለሚያዘነብል ከዚህም ይከፋል።

ነፋሱን ደግሞ ጨምሩበት። የማርሳቢት ምድር ነፋስ በዓለም የታወቀ ነው። በሎይያንጋላኒ አካባቢ በቱርካና ሐይቅ አጠገብ 365 የነፋስ ተርባይኖች ተተክለው 310 ሜጋ ዋት ኃይል እንዲያመነጩ የተደረገው ያለ ምክንያት አይደለም። ያ ሁሉ ተርባይን የሚያሽከረክር ነፋስ የቤታችንንም ግድግዳ ያገኘዋል። አራት ካሬ ሜትር የሆነ የቤት ጎን በሰዓት 54 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ሲመታው 60 ኪሎ ያህል ግፊት ያርፍበታል። የነፋሱ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ግፊቱ እጥፍ አይሆንም፣ አራት እጥፍ ይሆናል። ያን ቀን ከተራራው ስንወርድ የገለበጠን ክብደት አልነበረም፤ የፍራሽና የቁም ሣጥን ግድግዳ ለነፋሱ ሠርተንለት ነው።

ሌላ የድንበር ሰው ብቻ የሚያስበው ነገርም አለ። በኬንያ የምንነዳው በግራ ነው፤ ኢትዮጵያ ግን እ.ኤ.አ. በ1964 ከግራ ወደ ቀኝ ተዛውራለች። የዚያ ቤት በር በጎኑ ነበር። በዚህ በኩል ወደ መንገድ ዳር የሚከፈተው በር፣ ድንበሩን ስንሻገር ወደ መንገዱ መካከል ይከፈታል። በሽተኛ ተሸክመን በሚመጣ መኪና ፊት ልናወርድ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ለሞያሌ ሰው በሩ ከኋላ መሆን አለበት።

ይህን ሁሉ ጽፈን ወደ አባታችን ሄድን። እውነቱን ለመናገር ፈራን። አንድ ጊዜ ዕቃቸውን ሰብረናል፤ አሁን ደግሞ ስጦታቸውን ልንመልስ ነው። ቡና አቀረቡልን፤ ዝም ብለው ሰሙን። ቁጥሩን ሁሉ ጨርሰን ስናበቃ፣ «ልጆቼ፣ ያን ቀን ይህን ሒሳብ ታውቁት ነበር?» አሉን። «አናውቅም ነበር» አልናቸው። «እንግዲያውስ ቁም ሣጥኑ በከንቱ አልተሰበረማ! በሉ ገንዘቡን መኪናው ለሚችለው ቤት አውሉት» አሉን። የዛሬ ንግግራችን ለእሳቸው ምስጋና ይሁንልን።

እንግዲህ ያደረግነው ይህ ነው። ነርሳችን «በሽተኛ ምድጃና መጋረጃ አይፈልግም፤ ቀጥ ብሎ መተኛት፣ አስታማሚው ወገቡን አቅንቶ መቀመጥ፣ ግሉኮስ የሚሰቀልበት ቦታ፣ ነፋስ የሚገባበት መስኮት ነው የሚፈልገው» አለች። ለዚህ ሁሉ ከካሶኒው ወለል 1 ሜትር ከ35 ቁመት ይበቃል። በከተማችን ያሉ ፉንዲዎች በቀጭን ቱቦላሬና በአሉሚኒየም ላሜራ ሠሩት። በሩ ከኋላ ነው። በአራት ብሎን ከሻሲው ጋር ይታሰራል፤ ሲፈለግም በአራት ሰው ይወርዳል። ከምድር እስከ ጣሪያው 2 ሜትር ከ20 ነው። አልጋውን ጨምሮ ሚዛን ላይ 230 ኪሎ መዘነ፤ ከ584 ጋር 814 ይሆናል። ወደ ፒስታ መንገድ ስንወጣ ከልኩ ሁልጊዜ አሥር በመቶ እንዲተርፍ ወስነን ነበር፤ ይኸው ከዚያም በላይ ተረፈ። የክብደት ማዕከሉ 24 ሴንቲ ሜትር መውጣቱ ቀርቶ ከ7 ሴንቲ ሜትር ያነሰ ሆነ። ቆንጆ አይደለም፤ አንዳንዶቻችሁ «የዶሮ ቤት» ብላችሁታል፤ ሰምተናል። ነገር ግን ከማርሳቢት ተራራ በነፋስ ስንወርድ ቀጥ ብሎ ይሄዳል።

ከመቀመጣችን በፊት ፒክአፕ ላላችሁና ለበዓል ወደ አገር ለምትወጡ ቤተ ሰቦች ስድስት ነገር አደራ እንላለን።

አንደኛ፣ ቤትም ሆነ ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት በመኪናችሁ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ አንብቡ፤ ከዚያ ባዶውን መኪና አስመዝኑ። የመኪናውን ሞዴል የሚያውቅ ጎረቤት ግምት ሚዛን አይሆንም።

ሁለተኛ፣ ሰዎችን ቁጠሩ። ውሃና ነዳጅ ቁጠሩ። የሻጭን ወረቀት አትመኑ፤ ቤቱን ራሱን አስመዝኑ።

ሦስተኛ፣ ከባዱን ከታችና ከኋላ አክስሉ ወደ ፊት አድርጉ። ፖርቶመጋላ ላይ የሚወጣው ቀላሉ ብቻ ይሁን፤ ቀላሉም ቢሆን ግድግዳ እስኪሆን አይከመር።

አራተኛ፣ ቁመታችሁን ለክታችሁ ጻፉ። ነፋስ ባለበት ሜዳ ፍጥነት ቀንሱ፤ ለቀደመ ሰው ሽልማት የለም።

አምስተኛ፣ ጎማውን በጠዋት፣ ሳይግል፣ በጭነቱ ልክ አስሞሉ።

ስድስተኛ፣ የመኪናውን አካል በቋሚነት የምትለውጡ ከሆነ ምርመራውንና ፈቃዱን አስቀድማችሁ ጨርሱ፤ ድንበር ስትሻገሩም የኮሜሳ ቢጫ ካርዳችሁን አትርሱ። ከልክ በላይ ተጭኖ የተገለበጠ መኪና ባለቤት ከመድን ድርጅት ጋር የሚገጥመውን ክርክር ለማንም አንመኝም።

የተከበራችሁ ወገኖቻችን፣

አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላሉ። ይህን በየበዓሉ ስለ መተባበር ስንጠቅሰው ኖረናል። በዚህ ሥራ ግን የመጀመሪያውን ግማሽ አስተዋልን። ምሳሌው ለአንዱ ሸክም መሆኑን አልደበቀም፤ እያንዳንዱ ተሸካሚ ልክ አለው ይላል። መኪናም፣ ሰውም፣ ማኅበርም ልክ አላቸው። ሃያ አምስት ዓመት የቆየነው መሥራቾቻችን በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ሁሉን ስላልጫኑ ነው። ሒሳቡን አንዱ፣ ልቅሶውን አንዱ፣ ትምህርቱን አንዱ ያዘ። እኛም መኪናውን ይዘናል፤ ከልኩ በላይ አንጭነውም። «አንድ ሰው ብቻ ጨምሩ፣ አንድ ሻንጣ ብቻ ጨምሩ» ስትሉን እምቢ ካልን፣ ከንፉግነት እንዳትቆጥሩብን እንለምናችኋለን። የምናስቀረው ሻንጣ በማግስቱ ይመጣል።

ቤቱን ለሠሩልን ፉንዲዎች፣ ሚዛናቸውን በነፃ ላስጠቀሙን ነጋዴዎች፣ ከሁሉም በላይ ስጦታቸውን ሁለት ጊዜ ለሰጡን አባታችን በማኅበሩ ስም ምስጋናችን ይድረሳቸው።

ለበዓሉ ወጥታችሁ የምትመለሱ ሁሉ መንገዱ ይቅናችሁ። በሰላም ውጡ፣ በሰላም ግቡ።